ጉድስፒድ፦ የወንዝ ዳሩ የሙዚቃዊ ተውኔት ቤትና በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞቹ

ጉድስፒድ ሚውዚካልስ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ኢስት ሃዳም በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ የሙዚቃዊ ተውኔት ድርጅት ነው። ለትርፍ አልተቋቋመም። ዋናው አዳራሹ ጉድስፒድ ኦፔራ ሃውስ ይባላል፤ ያለው መቀመጫ 398 ብቻ ነው። ከዚህች ጠባብ መድረክ ተነሥተው ብሮድዌይ (የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትሮች ሰፈር) የደረሱት ሥራዎች ግን ከ20 በላይ ናቸው። ቤቱ ቶኒ የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ቲያትር ሽልማት ሁለት ጊዜ አግኝቷል፤ በ1980 ለአሜሪካ ሙዚቃዊ ተውኔት ላበረከተው አስተዋጽኦ፣ በ1995 ደግሞ ከብሮድዌይ ውጭ ላሉ የየክልሉ ቲያትሮች በሚሰጠው ዘርፍ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጉድስፒድ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሡት ሕንፃውና ዝነኞቹ ሥራዎቹ ናቸው። እኔ ግን ሠራተኞቹም እኩል ሊወራላቸው ይገባል ባይ ነኝ። ተዋናዮቹ፣ የልምምዱንና የትርኢቱን ሂደት የሚያስተባብሩት ስቴጅ ማናጀሮችና ሙዚቀኞቹ የሠራተኛ ማኅበር አባላት ናቸው። «ድርጅቱ ትርፍ የማያገኝ ከሆነ ማኅበር ምን ያደርጋል?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ትርፍ የለም ማለት ግን አሠሪ የለም ማለት አይደለም። ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ሕንፃውን ያሠራው ዊልያም ጉድስፒድ በመርከብና በባንክ ሥራ የከበረ ሰው ነበር። ቲያትርም ይወድ ነበርና አንዱን ሕንፃ ለንግዱም ለፍቅሩም አዋለው። ታች ሱቅ፣ ቢሮና የእንፋሎት መርከብ ተሳፋሪዎች ማረፊያ፤ ላይ ቲያትር። አዳራሹ በኦክቶበር 24 ቀን 1877 ተከፈተ። ጉድስፒድ ከሞተ በኋላ ግን ቤቱ እየተዳከመ ሄደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሚሊሻ ሰፈረበት፣ ቆይቶ ሱቅ ሆነ፣ በመጨረሻም የግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ማከማቻ አደረገው። ሊፈርስ ሲል ቅርሱ የሚቆጫቸው ሰዎች ተሰባስበው በ1959 ፋውንዴሽን አቋቋሙና አተረፉት። ታድሶ እንደገና የተከፈተው በ1963 ነው።

የዛሬውን መልክ ያስያዙት ከ1968 እስከ 2014 የመሩት ማይክል ፕራይስ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ቤቱ አንድ ነገር ላይ አተኮረ፤ የአሜሪካ ሙዚቃዊ ተውኔት። የተረሱ የድሮ ሥራዎችን አቧራቸውን አራግፎ ያወጣል፣ አዳዲሶችንም ያሳድጋል። ለአዳዲሶቹ በ1984 ቼስተር በምትባለው ጎረቤት ከተማ ሌላ ትንሽ ቲያትር ከፈተ። ኖርማ ቴሪስ ይባላል፤ ሕንፃው ቀድሞ የሹራብ መሥሪያ ኪሮሽ ፋብሪካ ነበር። ደራሲና አቀናባሪ ያልተጠናቀቀ ሥራቸውን እዚያ ተመልካች ፊት አቅርበው ይፈትኑታል፣ ያስተካክሉታል።

ከቤቱ ከወጡት ሁሉ በጣም የታወቀው የአንዲት ወላጅ አልባ ልጅ ታሪክ የሆነው አኒ ነው። ከዚያ በፊት በ1965 ማን ኦፍ ላ ማንቻ፣ በ1974 ሸናንዶዋ ከዚሁ መድረክ ተነሥተው ብሮድዌይ ገብተዋል። የአኒ ታሪክ ግን የልምምድ ጊዜ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ሥራው ጉድስፒድ ላይ የቀረበው በ1976 ክረምት ነበር። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ እንድትጫወት መጀመሪያ የተመረጠችው ልጅ ትርኢቱ ከተጀመረ በኋላ ተቀየረች። ከወላጅ አልባዎቹ ልጆች እንደ አንዷ ሆና ትጫወት የነበረችው አንድሪያ ማካርድል ቦታውን ያዘች። ታዋቂው አዘጋጅ ማይክ ኒኮልስ እዚያው ኢስት ሃዳም ሄዶ አየውና ፕሮዲውሰር ሆነ። በኤፕሪል 1977 ብሮድዌይ ላይ ተከፈተ፤ 2,377 ጊዜ ታየ፤ ሰባት የቶኒ ሽልማት ወሰደ። ያ ሁሉ የመጣው ተዋንያኑና ሙዚቀኞቹ የሚለዋወጥ ዘፈንና የሚለዋወጥ ንግግር እያጠኑ በሠሩት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በሳምንት ስምንት ትርኢት ይታያል እንበል። አዳራሹ ሁልጊዜ ቢሞላ እንኳ የሚሸጠው 3,184 ትኬት ነው። ከዚያ በላይ አይኬድም፤ ወንበር የለም። ወጪው ግን በወንበር ቁጥር አይወሰንም። የሚዘፍን፣ የሚጨፍር፣ ልብስ የሚሰፋ፣ መብራት የሚሰቅል ሰው ያስፈልጋል። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ችግሩን በ1966 ባሳተሙት ጥናት በደንብ አስረድተውታል። ፋብሪካ በአዲስ ማሽን ሥራውን ያፋጥናል፤ የመድረክ ሥራ ግን እንዲህ አይፋጠንም። የአምስት ደቂቃ ዘፈን ዛሬም አምስት ደቂቃ ነው፤ ስምንት ሰው የሚፈልገው ጭፈራም ዛሬም ስምንት ሰው ይፈልጋል። የሌላው ዘርፍ ደመወዝ ሲያድግ የቲያትሩም አብሮ ማደግ አለበት፣ አለበለዚያ ሰው ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ትኬት ብቻውን ወጪን አይሸፍንም።

ለትርፍ አለመቋቋም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ባለ አክሲዮን የለውም፤ የተረፈውን ገንዘብ የሚከፋፈል ሰው የለም። ቦርድ ይመራዋል። ከገቢ ግብር ነፃ ነው፤ ለሱ የሚለግስ ሰውም ልገሳውን ግብር ከሚታሰብበት ገቢው ላይ ማስቀነስ ይችላል። በምላሹ ሒሳቡን በየዓመቱ ፎርም 990 በሚባል ሰነድ ለመንግሥት ያቀርባል። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የከፍተኛ ኃላፊዎቹ ክፍያ ሳይቀር ይታይበታል። ለድርድር የሚቀመጥ ማኅበር ይህን ሰነድ ሳያገላብጥ አይመጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ዓላማ ያለው ድርጅት ሠራተኛውን በዓላማው ሊያስር ይችላል። «ሥራውን ትወደዋለህ አይደል? ታዲያ ስለ ሰዓት ምን አስጨነቀህ?» ይባላል። ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ግን ኪሳራው የሚያርፈው ደሞዝተኛው ላይ ነው። የአሜሪካ ሙያተኞች ይህን ገና ለትርፍ ያልተቋቋሙ ቲያትሮች ሳይበዙ ነው የተማሩት።

የተዋናዮችና የስቴጅ ማናጀሮች ማኅበር አክተርስ ኢኩዊቲ በ1913 ኒውዮርክ ውስጥ ተመሠረተ። በዚያ ዘመን ተዋናይ ለሳምንታት ያለ ክፍያ ይለማመድ ነበር። በኅብረት የሚዘፍኑና የሚጨፍሩ ልጆች ጫማቸውን ራሳቸው ይገዙ ነበር። ጉዞ ላይ ያለ ቡድን ገንዘብ ካለቀበት ተዋናዮቹ በማያውቁት ከተማ ተጥለው ይቀሩ ነበር። በኦገስት 1919 አድማ ተመታ። አንድ ወር ያህል ቆየ፣ ወደ ስምንት ከተሞች ተዛመተ፣ 37 ትርኢቶችን ዘጋ። የመድረክ ሠራተኞችና ሙዚቀኞች ከተዋናዮቹ ጎን ሲቆሙ አሠሪዎች እጅ ሰጡ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ ዝነኛው ተዋናይና ገመድ ጎታቹ አንድ ላይ መቆማቸው።

የመድረክ ሠራተኞቹ ማኅበር አያትሲ በ1893፣ የሙዚቀኞች ፌዴሬሽን ደግሞ በ1896 ተቋቁመው ስለነበር ለተዋናዮቹ ታላቆቻቸው ነበሩ። የአዘጋጆችና የኮሪዮግራፈሮች (ጭፈራውን የሚያቀናብሩት) ማኅበር የመጣው በ1959 ነው። አሠሪዎቹም በ1966 ሎርት የሚባል የክልል ቲያትሮች ኅብረት አቋቋሙ፤ ጉድስፒድም አባል ነው። ስለዚህ የጉድስፒድ ተዋናይ የኅብረት ስምምነት ከአንድ ቤት ጋር ብቻ የተፈረመ አይደለም። ቲያትሮቹ በትኬት ገቢያቸው መጠን በደረጃ ይከፈላሉ፤ የደሞዙ ወለልም በየደረጃው ይለያያል። ትንሹ ቤት የትልቁን ያህል እንዲከፍል አይገደድም።

ስምምነቱ ወረቀት ላይ ሲነበብ ደረቅ ነው፤ ልምምድ ክፍል ውስጥ ግን ሕይወት አለው። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ተዋናዮቹ ለብቻቸው ይሰበሰቡና ተወካይ ይመርጣሉ። ቅሬታ ያለው ሰው ራሱ ፊት ለፊት ሳይጋፈጥ በተወካዩ በኩል ያቀርባል። ስቴጅ ማናጀሯ ሰዓቷን ይዛ ትቀመጣለች። 55 ደቂቃ ከተሠራ 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ 80 ደቂቃ ከተሠራ 10 ደቂቃ። አዘጋጁ በሐሳብ ቢመሰጥም ሰዓት ሰዓት ነው። «አምስት ደቂቃ!» ትላለች፤ ከየጥጉ «አመሰግናለሁ፣ አምስት!» የሚል መልስ ይመጣል። መልሱ የትሕትና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም መስማቱን የምታረጋግጠው በዚህ ነው። ትርኢት ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀር እያንዳንዱ ተዋናይ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ይፈርማል። ያልፈረመ ካለ ስልክ ይደወላል፣ ተተኪው ይዘጋጃል።

ኢስት ሃዳም ትንሽ በመሆኗ ደግሞ የማደሪያ ጉዳይ ከባድ ነው። ከኒውዮርክ የሚመጣ ተዋናይ ለሳምንታት የሚያድርበት ይፈልጋል፤ ይህን ማዘጋጀትም የአሠሪው ግዴታ ነው። ጉድስፒድ ለተዋናዮች የሚሆኑ ቤቶች እዚያው ከቲያትሩ አቅራቢያ ሠርቷል።

የሙዚቀኞቹ ነገር ራሱን የቻለ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ለትልቅ ኦርኬስትራ የተጻፈ ሙዚቃ ለጥቂት ሰዎች ይቀነሳል። አንድ ሰው ፍሉት፣ ክላርኔትና ሳክስፎን እየቀያየረ ሊጫወት ይችላል። በሙዚቀኞች ማኅበር ስምምነቶች ከአንድ በላይ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ጭማሪ ይከፈለዋል። ተገቢ ነው። ሦስት መሣሪያ መግዛት፣ መጠገንና በየቀኑ መለማመድ ቀላል አይደለም።

በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ሁሉም ቆመ፤ ጉድስፒድም ዓመቱን ዘጋ። መዝፈን ትንፋሽ ስለሚረጭ ሙዚቃዊ ተውኔት ከሌላው የባሰ አደገኛ ነበር። ኢኩዊቲ ለደኅንነት ዋስትና ካልተሰጠ አባሎቹ እንዳይሠሩ ከለከለ። በዚያ ክረምት ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ቲያትር በድንኳን ሥር ሙዚቃዊ ተውኔት ያሳየው የማኅበሩን ፈቃድ አግኝቶ ነው። ማኅበሩ ከደሞዝ አልፎ የጤና ጠባቂ መሆኑን ብዙዎች ያኔ አዩ።

ከዚያ ወዲህ የመደራጀቱ ነፋስ ከመጋረጃ ጀርባ ወዳሉት ዞሯል። በአሜሪካ ሕግ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሠራተኛም የመደራጀት መብት አለው። ከሠራተኞቹ 30 በመቶው ከፈረሙ የድምፅ አሰጣጥ መጠየቅ ይቻላል። በብዙ የኒውዮርክ ትናንሽ ቲያትሮች ተዋናዩ በማኅበር ሲጠበቅ፣ እዚያው መድረክ ላይ ዕቃ የሚያነሣው፣ ድምፅና መብራት የሚቆጣጠረው ልጅ ግን ምንም ስምምነት አልነበረውም። የአትላንቲክ ቲያትር ካምፓኒ የመድረክ ሠራተኞች በ2024 አያትሲን ለመቀላቀል ድምፅ ሰጡ። ድርድሩ ሲጓተት በጃንዋሪ 2025 አድማ መቱ፤ ትርኢቶችም ቆሙ። በዚያው ዓመት ከቲያትሩ ጋር ተስማምተው ወደ ሥራ ተመለሱ።