ከፍርግርጉ ሥር የሚወጣው ድምፅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ታይምስ ስኩዌር በተባለው አደባባይ ውስጥ፣ ብሮድዌይና ሰባተኛው ጎዳና በሚገናኙበት አካባቢ፣ በ45ኛውና በ46ኛው መንገዶች መካከል ለእግረኛ የተከለለ ባለሦስት ማዕዘን ቦታ አለ። እዚያ ካለው የብረት ፍርግርግ ሥር ቀንም ሌሊትም ድምፅ ይወጣል። ትልቅ ደወል ተመትቶ ምቱ ካለፈ በኋላ የሚቀረውን ጉምጉምታ ይመስላል። አሜሪካዊው ማክስ ኒውሀውስ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚያው ቦታ ብሎ የሠራው የድምፅ ቅርፅ፣ ማለትም በድንጋይ ወይም በብረት ፋንታ ከድምፅ የተሠራ የጥበብ ሥራ ነው።

«የምድር ውስጥ ባቡሩ ማሽን ነው የሚጮኸው።» እንዲህ የሚያስብ ሰው አይወቀስም፤ ፍርግርጉ በእርግጥም የባቡሩ አየር መተንፈሻ ነው። ድምፁ ግን የሚመነጨው ከታች ባለው ክፍል ውስጥ ከተተከለ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያና ድምፅ ማጉያ ነው። ኒውሀውስም ብዙ አላፊ አግዳሚ የማሽን ድምፅ መስሎት እንደሚያልፍ ያውቅ ነበር፤ ሥራውን የሠራው ይህን ተቀብሎ ነው።

«የደወል ድምፅ ተቀድቶ ነው።» ደወል የሚባል ነገር የለም።

«ምልክት የሌለው ስለተረሳ ነው።» በፍጹም። በቦታው የሠሪው ስም ያለበት ሰሌዳ አልተተከለም፤ ኒውሀውስ የፈለገው ሰው ድምፁን በገዛ ጆሮው እንዲያገኘው ነበር። እኔ በዚህ ውሳኔ እጅግ እደነቃለሁ። በማስታወቂያ መብራት በተጥለቀለቀ አደባባይ መካከል ራሱን የማያስተዋውቅ ሥራ ማኖር ድፍረት ይጠይቃል።

«ከ1977 ጀምሮ አልተቋረጠም።» ተቋርጧል። በ1992 ድምፁ ጠፍቶ በ2002 ዳግም ተከፈተ፤ ዛሬ የሚንከባከበው ዲያ የተባለው የሥነ ጥበብ ተቋም ነው።

«በስልኬ ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃኛል።» ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ኒውሀውስ ቀድሞ የከበሮና የሌሎች የምት መሣሪያዎች ተጫዋች ነበር፤ በሙዚቃ መድረክ ድምፅ ጊዜን ተከትሎ እንደሚሄድ ጠንቅቆ ያውቃል። እዚህ ግን ድምፁን በጊዜ ውስጥ ሳይሆን በቦታ ውስጥ አኖረው። መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ የሚለዋወጠው ሰሚው ሲንቀሳቀስ ነው። ድምፁ ከመሬት በታች ያለው ክፍል ከራሱ ተፈጥሮ ከሚያስተጋባው ጋር ተስማምቶ የተቃኘ ስለሆነ፣ ክፍሉ ራሱ የመሣሪያው አካል ነው። የመኪናው ጥሩምባና የሕዝቡ ጫጫታም ከላይ አብረውት ይኖራሉ። ቀረጻ የሚይዘው ማይክሮፎኑ ከቆመበት አንድ ነጥብ የተሰማውን ብቻ ነው። ፍርግርጉ ላይ የቆመ ሰው ግን ጥቂት ራመድ ብሎ ከክልሉ ሲወጣ ጉምጉምታው ይጠፋበታል፤ ሲመለስ ደግሞ እንደነበረ ያገኘዋል።