በማሳ ላይ ስለሚጠጣ ጠላና አረቄ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሱሉልታ የድርቆሽ ሣር አጨዳ ይሁን በሰንዳፋ የጤፍ ውቂያ ወይም በአቃቂ ወንዝ ዳር የአትክልት ማሳ፣ ጠላና አረቄ ከሥራው አይጠፉም። አብረዋቸው የሚነገሩ አባባሎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ሕይወት ያጠፋሉ።

«ጠላ ምግብ ነው፣ እንደ መጠጥ አይቆጠርም።»
የሚቆጠረው ውስጡ ያለው ንጹህ አልኮል ነው። የቤት ጠላ ጥንካሬ ከጠማቂ ጠማቂ ይለያያል፤ 4 በመቶ ብንል አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ 32 ግራም ያህል አልኮል አለው። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ 40 በመቶ አረቄ ደግሞ 16 ግራም። ስለዚህ አንድ ጣሳ ጠላ ሁለት መለኪያ አረቄ ወይም ሁለት ተኩል ጠርሙስ ቢራ ነው። በደቦ ቀን ሦስት ጣሳ የጠጣ አጫጅ ስድስት መለኪያ ጨልጧል፣ ያውም ማጭድ ይዞ። ለጥም ውሃ፣ ለጉልበት የበሶ ብጥብጥ ይቅረብ፤ ጠላው ማጭዱ ከተሰበሰበ በኋላ ይድረስ። ይህን ያደረገ ባለ ደቦ እንግዶቹን አከበረ እንጂ አልሰሰተም።

«አረቄ ብርድ ያባርራል።»
አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ሙቀት የሚሰማን ለዚህ ነው። ያ ሙቀት ግን ከውስጥ ወጥቶ በቆዳ በኩል የሚባክን ነው። በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ደግሞ ጉበት ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ስለሚቀንስ፣ ሠራተኛው ረፋዱ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ያዞረዋል።

«ቡና ጠጥቶ ፊቱን ከታጠበ ስካሩ ይበርድለታል።»
ቡና እንቅልፍ ያባርራል፣ አልኮል አያወጣም። ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው የሚያቃጥለው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ስድስት መለኪያ የጠጣ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደሙ ገና ከአልኮል አልጠራም። የመውቂያ ማሽን አፍ ላይ ነዶ መክተት ለእንዲህ ያለ ሰው አይሰጥም፤ እጅጌው ከተያዘ እጁን የሚመልስበት ፋታ የለውም።

«ከርጭት በኋላ አንድ ሁለት መለኪያ መርዙን ይገድለዋል፤ ወተትም ያጥበዋል።»
ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አረቄም ወተትም መርዙን አያረክሱም። ይባስ ብሎ እንደ ማላታይን ያሉ የተባይ መድኃኒቶች የሚያስከትሉት መመረዝ ስካር ይመስላል፦ መንገዳገድ፣ ማስታወክ፣ የአፍ መተሳሰር። የአረቄ ሽታ ሲጨመርበት «ሰክሯል፣ ይተኛ» ተብሎ ይተዋል፣ ተኝቶም ይቀራል። መለያውን ከአፍና ከዓይን ፈልጉ፤ ምራቅና ላብ ይዘንባል፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፣ ጡንቻ በየቦታው ይርገበገባል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እንዲህ ያለውን ሰው ከማሳው አውጡት። እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍናችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በጎኑ አስተኙት። አታስመልሱት፣ ምንም አታጠጡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት ሲያውቅ አትሮፒን የተባለውን ማርከሻ ፈጥኖ ይሰጣል። የመድኃኒት ጀሪካን ደግሞ ለጠላ፣ ለአረቄ፣ ለውሃ ከቶ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ የመጠጠውን መርዝ ሳሙና አያስለቅቀውም። ሦስቴ አለቅልቃችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩ፣ ጀሪካኑን ብሱት።

«በሰማያዊ እሳት የሚነድ አረቄ ንጹህ ነው።»
እሳቱ የሚናገረው ጥንካሬውን ብቻ ነው። ዓይን የሚያጠፋው መርዛማ የአልኮል ዓይነት፣ ሜታኖልም፣ በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል።

«የቆረጠ ሰው በአንድ ቀን ይተዋል።»
አልፎ አልፎ የሚጠጣ ይተዋል። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን በድንገት ካቆመ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ይህን «ለክፎት ነው» ብሎ ማቆየት አደገኛ ነው። ከማቆሙ በፊት ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መንቀጥቀጡን የሚያረግብ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 አለ። አጃቢው ለጤና ባለሙያው በቀን ስንት መለኪያ ወይም ስንት ጣሳ እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣው በስንት ሰዓት እንደሆነና ከዚህ ቀደም ሲያቆም ወድቆ ያውቅ እንደሆነ ሳይደብቅ ይንገር።