ውሻን በላላ ገመድ ማስኬድ

ውሻ በላላ ገመድ ሄደ የሚባለው በእሱና በያዘው ሰው መካከል ያለው ገመድ ሳይወጠር አብረው ሲራመዱ ነው። ገመዱ ከእጅ ወርዶ መሃል ላይ ይረግባል፤ ከውሻው ቀበቶ ጋር የተያያዘው መንጠቆም በራሱ ክብደት ቁልቁል ይንጠለጠላል። ዓይን መጣል ያለበት እዚህ መንጠቆ ላይ ነው። ቀና ማለት ከጀመረ ውሻው ሊጎትት ነው ማለት ነው። ለታዛዥነት ውድድር የሚሰለጥኑ ውሾች ግን ከዚህ ለየት ባለ መንገድ ይሄዳሉ፦ ከሰውየው በስተግራ፣ ትከሻቸውን ከጉልበቱ አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ። ያኛው ከፍተኛ ትኩረት ስለሚጠይቅ ለረጅም መንገድ አይሆንም። በላላ ገመድ የሚሄድ ውሻ ማነፍነፍም፣ ዞር ዞር ብሎ ማየትም፣ ጥቂት መቅደምም ይችላል።

ውሻ የሚጎትተው በጌታው ላይ አለቃ ሊሆን ስለፈለገ ነው የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። የውሻ እርምጃ ከሰው እርምጃ ይፈጥናል፤ ከፊቱ የሚሸተትና የሚታይ ነገር ሞልቷል፤ መጎተትም ወደዚያ ያደርሰዋል። ወደ ዛፉ ሲጎትት ሰውየው ሁለት እርምጃ ከተከተለው ዛፉ ጋ ደረሰ፣ ትምህርቱንም አገኘ። አንዳንዴ ብቻ የሚሰምር ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከሚሰምረው ይበልጥ ለመተው ያስቸግራል። አምስት ቀን ሲጎትት እየቆመ፣ በስድስተኛው ቀን ቸኩሎ የሚከተለው ሰው ውሻውን የሚያስተምረው ሳይታክት መጎተትን ነው።

ለሥልጠናው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚሆን፣ ርዝመቱ የማይለዋወጥ ገመድ ይበቃል። በውስጡ ሞላ ያለውና እየተሳበ የሚረዝመው ገመድ ለዚህ አይሆንም፤ ሁልጊዜ በመጠኑ የተወጠረ ከመሆኑም በላይ ውሻው በጎተተ ቁጥር ተጨማሪ ርዝመት ይሰጠዋል። የአንገት ቀበቶ ከሥሩ ሁለት ጣት እንዲያስገባ ሆኖ ይጠብቃል። ለሚጎትት ውሻ ግን የደረት ቀበቶ ይሻላል፤ በተለይ የመተንፈሻ ቧንቧቸው ስስ ለሆነ ትናንሽ ዝርያዎችና አፍንጫቸው ለተደፈጠጠ ውሾች። ቀለበቱ ደረት ላይ ሲሆን የሚጎትተው ውሻ ሰውነቱ ወደ ጎን ስለሚዞር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጀርባ ላይ ሲሆን ግን ተመችቶት በሙሉ ክብደቱ ይጎትታል። ሲሳብ የሚያንቅ ሰንሰለትም ሆነ ወደ ውስጥ የሾለ የብረት ቀበቶ የሚሠራው በማሳመም ነው። ሌላ ውሻ እያየ ሳለ አንገቱን ያመመው እንስሳ ሕመሙን ከዚያ ከሚያየው ውሻ ጋር ሊያያይዘው ይችላል። ከዚያ በኋላ ውሻ ባየ ቁጥር መጮህ ቢጀምር አይገርምም።

የገመዱ መያዣ በአውራ ጣት ላይ ይጠለቅና እጅ ይጨበጣል። እጅ ላይ መጠምጠም አደገኛ ነው፤ ትልቅ ውሻ ድንገት ቢፈተለክ ጣት ሊሰብር ይችላል።

ትምህርቱ የሚጀመረው ቤት ውስጥ ነው። አተር የሚያህሉ፣ ሳይታኘኩ የሚዋጡ ለስላሳ ቁራሾች ይዘጋጃሉ፤ መጠናቸውም ከዕለት ምግቡ ላይ ይቀነሳል። ውሻው በግራ በኩል እንዲሄድ ከተፈለገ ቁራሹ በግራ እጅ፣ ከሱሪው የጎን ስፌት አጠገብ ይሰጠዋል። በቀኝ እጅ ከፊት ለፊት ሲሰጠው እግር እያቋረጠ ይመጣል፤ ምግቡ በሚገኝበት ቦታ ራሱን ማስተካከሉ ያለ ነውና። አንድ እርምጃ ተሂዶ ገመዱ ላላ እንዳለ ከሆነ «ጎሽ!» ይባልና ይጎርሳል። ቀጥሎ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ አሥር እርምጃ። ቁጥሩ ሁልጊዜ እየጨመረ መሄድ የለበትም፤ ከስምንት በኋላ ሁለት ቢሆን ውሻው ተስፋ አይቆርጥም። በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ገመዱ ሲወጠር ሰውየው እጁን እምብርቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ይላል። ወደ ኋላ መሳብ አያስፈልግም፤ የተሳበ ውሻ የባሰ ወደ ፊት ይገፋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ አንድ ጆሮ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ቀጥሎ ክብደቱ ከፊት እግሮቹ ወደ ኋላ እግሮቹ ይሸጋገራል፤ ገመዱም ለጥቂት ይረግባል። «ጎሽ!» የሚባለው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ምስጋና ሌላ ነገር ያስተምራል። ወደ እግር አጠገብ ሲመለስ ጉዞው ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ውሻው በተመለሰ ቁጥር ወዲያው ካጎረሱት ጎተተ፣ ተመለሰ፣ በላ የሚል ዑደት ይማራል፤ መጎተቱ ራሱ የምግብ መጥሪያ ይሆናል። ስለዚህ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት እርምጃ በላላ ገመድ ሳይሄድ ቁራሽ አይሰጠውም፤ ዋናው ሽልማትም ፈጽሞ ላልጎተተባቸው እርምጃዎች ይቀመጣል።

ደጅ ሲወጣ ከምግብ የሚበልጥበት ሽልማት ማሽተት ነው። አሥር እርምጃ በላላ ገመድ ከሄደ «ሂድ፣ አሽት» ብሎ ወደ ቁጥቋጦው መውሰድ የትኛውንም ቁራሽ ያስንቃል። እንዲያሸት የማይፈቀድለት ውሻ የእግር ጉዞው ግማሽ ተወስዶበታል።

ሳሎን ውስጥ ያወቀውን በር ላይ የረሳ ቢመስልም አልረሳም፤ ውሻ በአንድ ቦታ የተማረውን ወደ ሌላ ቦታ በቀላሉ አያሻግርም። በረንዳው፣ ጭር ያለው መንገድ፣ ሰው የሚበዛበት መንገድ እያንዳንዳቸው እንደ አዲስ ከአንድ እርምጃ ይጀመራሉ። ደጃፉ ላይ እየተቁነጠነጠ የወጣ ውሻ ብዙውን ጊዜ መንገዱን ሙሉ ይጎትታል፤ ሰከን እስኪል በሩን ሳይከፍቱ መቆም ያዋጣል።

ቡችላ ከስምንት ሳምንቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ ሊለማመድ ይችላል። መጀመሪያ ቀበቶውን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ቀላል ገመድ ታስሮለት፣ ሰው እየጠበቀው መሬት ለመሬት እያንጓተተ ይዘዋወራል። አልሄድም ብሎ ከተቀመጠ መጎተት ያስፈራዋል፤ ጎን ሰጥቶ ቁጢጥ ብሎ መጥራት ይሻላል። ለዓመታት የጎተተ ትልቅ ውሻ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሥልጠና በማይመችበት የጥድፊያ ቀን ገመዱን የደረት ቀበቶው ጀርባ ላይ ባለው ቀለበት፣ በሥልጠና ጊዜ ደግሞ ደረቱ ላይ ባለው ማያያዝ ይረዳል፤ ውሻው ሁለቱን ለይቶ ስለሚያውቅ የጥድፊያው ቀን የሥልጠናውን አያበላሽበትም። ሌላ ውሻ ሲያይ የሚዘልና የሚጮህ ከሆነ ችግሩ ፍርሃት ወይም ብስጭት ሊሆን ስለሚችል ያንን ውሻ እያየም ቁራሽ መብላት እስከሚችልበት ርቀት ድረስ ማራቅ ይገባል። ደህና ሲሄድ የነበረ ውሻ ድንገት መጎተት፣ ወደ ኋላ መቅረት ወይም ቀበቶ ሲታሰርለት መሸሽ ከጀመረ ግን ሥልጠናው ቆሞ ሕመም እንዳለው በእንስሳት ሐኪም ይታይ።