ቀጥታ ድጋፍ ምንድን ነው?

ሴፍቲኔት፣ ማለትም የሚቸገር የገጠር ቤተሰብ አስቀድሞ ተመዝግቦ ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኝበት ፕሮግራም፣ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ተራራ ላይ ተደርድሮ እርከን የሚሠራ ሕዝብ ነው። ዶማ፣ አካፋ፣ ድንጋይ። ትክክል ነው፣ አብዛኛው ተጠቃሚ እንደዚያ ነው። ግን እዚያው ቀበሌ፣ እዚያው መዝገብ ላይ ስማቸው ሰፍሮ ዶማ የማይነኩ ሰዎች አሉ። ጉልበታቸው የከዳቸው አዛውንት፣ ዓይናቸው የጠፋ እናት፣ ለዓመታት ከመደብ ያልተነሣ በሽተኛ። እነዚህ ሰዎች በየወሩ የሚያገኙት ገንዘብ ወይም እህል ነው ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው። ቀጥታ የተባለው በመሃል ሥራ ስለሌለበት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለምን ስለ እሱ ልጽፍ እንደተነሣሁ ልንገራችሁ። አክስቴ ጋ በሄድኩ ቁጥር የማገኛቸው አንዲት ጎረቤት አሉ። እማማ እንበላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ አልወጣላቸውም፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል። የሴፍቲኔት ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ስለ እሳቸው ለአንድ የከተማ ጓደኛዬ ሳወራው «አሃ፣ እርዳታ ተቀባይ ናቸው» አለኝ። አይደሉም። እሱ እንዳለው ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

እርዳታ ችግር ከደረሰ በኋላ ነው የሚመጣው። ዝናብ ይቀራል፣ ሰብል ይደርቃል፣ ወረዳው ለዞን ይጽፋል፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለፌዴራል፣ መንግሥት ለለጋሾች ጥሪ ያቀርባል፣ መርከብ ይጫናል፣ ስንዴው ቀበሌ እስኪደርስ ድረስ ሰዉ በሬውን ሸጦ በልቶ ጨርሷል። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ግን ዝናቡ ጣለም ቀረም በየዓመቱ የሚራበው ክፍል ይታወቃል። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ወረዳ። እንዲህ ቀኑ የሚታወቅ ረሃብ ደርሶ «ድንገተኛ» ይባላል እንዴ?

ልማታዊ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ነው። መንግሥት ከዓለም ባንክና ከሌሎች ለጋሾች ጋር ሆኖ፣ በግብርና ሚኒስቴር በኩል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሚቸገረው ሰው አስቀድሞ ይመዝገብ፣ የሚያገኘው ነገር መጠንና ወር ይቆረጥለት፣ ጉልበት ያለው ይሥራበት፣ የሌለው ዝም ብሎ ይውሰድ። ሲጀመር 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበር የያዘው፣ በኋላ ከ7 ሚሊዮን አለፈ።

ሒሳቡ ሲጀመር እንዲህ ነበር። አንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ያስገኛል። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይታሰባል። ስለዚህ በነፍስ ወከፍ 15 ኪሎ ወይም 30 ብር በወር። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት የ25 ቀን ሥራ አለበት ማለት ነው፣ ሥራውን አቅም ያለው ይሠራዋል፣ የታቀፈው ሕፃን ግን ድርሻው እኩል ነው። በቀጥታ ድጋፍ የተመዘገበ ሰው ያንኑ መጠን ያገኛል፣ ሥራው ብቻ ይቀርለታል። 6 ብሩ 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ ነበር የተተመነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ገበያው ላይ ሊደርስበት አልቻለም። ገንዘብ ይሻለናል ሲል የነበረ ሰው ሁሉ «ስንዴውን መልሱልን» ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ብር የያዘ ሰው የዋጋ ንረቱን ራሱ ይሸከማል፣ እህል የያዘ ግን ቢያንስ የሚፈጨው ነገር በእጁ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የማህበረሰብ ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው፣ የእርሻ ሥራ በማይበዛበት ጊዜ። ክፍያውም ለስድስት ወር ነው። ጉልበት ያለው ሰው በቀሩት ወራት ያርሳል፣ ያጭዳል፣ የሰው ቤት ሄዶ ይሠራል። እማማስ? ቀጥታ ድጋፍም ያኔ ስድስት ወር ብቻ ነበር የሚከፈለው። ነሐሴ ላይ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት፣ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ወር ምንም የለም። ማን እንዳሰበው እንጃ! የፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ነው የተስተካከለው፦ «ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ» የሚባል ነገር ለብቻው ወጣና ዓመቱን ሙሉ፣ 12 ወር እንዲሆን ተወሰነ። «ጊዜያዊ» የሚባለው ደግሞ በዋናነት ለእርጉዝና ለሚያጠቡ እናቶች ነው፤ ድንጋይ ከመሸከም ለተወሰነ ጊዜ ያርፉና ክፍያቸው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ብዙ አልሄድም፣ የዛሬ ጉዳዬ ቋሚው ነው።

ለመሆኑ ከተማ ያለን ሰዎች ይህን ያህል የማናስተውለው ለምንድን ነው? ጡረታ ስላለ ይመስለኛል። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፣ በ2003 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛም ጡረታ አለው። ገበሬ ግን ደመወዝ የለውም፣ የሚቆረጥለትም የለም። ዕድሜ ልኩን አርሶ አገር አብልቶ ሲያረጅ ጡረታው ልጁ ነው፣ መሬቱ ነው፣ ጎረቤቱ ነው። ልጅ ከሌለ ወይም ከራቀ፣ መሬቱን የእኩል ለሌላ ሰጥቶ ከምርቱ ግማሹን ይጠብቃል፣ ከግማሹ ላይ ደግሞ አራሹ ምን ያህል እንዳነሣ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። አውድማው ላይ ቆሞ የሚቆጣጠር ጉልበት ቢኖረው መቼ የእኩል ይሰጥ ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ፤ ምርጫው። ብዙ ሰው «ካረጀህ ትገባለህ» ይመስለዋል። አይደለም። ዕድሜ ብቻውን አያስገባም። የሚታየው ቤቱ ነው። የ75 ዓመት አዛውንት ቤት ውስጥ ጤነኛ የ30 ዓመት ልጅ ካለ ቤቱ የሚሠራ ሰው አለው ይባላል፣ ልጁ ወጥቶ ይሠራል። ለቀጥታ ድጋፍ ሦስት ነገር አንድ ላይ መምጣት አለበት፦ ቤቱ ድሃ መሆኑ፣ የሚሠራ ጉልበት አለመኖሩ፣ ከውጭ የሚደግፍ ዘመድ አለመኖሩ። ሦስተኛው ነው ጭቅጭቅ የሚያመጣው።

አንድ ጊዜ የምርጫው ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ዋርካ ሥር። የመለመሉት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፣ ዝርዝሩን አንዱ ቆሞ ያነብባል፣ ሕዝቡ «ይገባዋል» ወይም «አይገባውም» ይላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ስሙ አደባባይ ላይ ተነቦ ነው ወደ ቀበሌ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል የሚያልፈው። የአንድ ሽማግሌ ስም ሲነበብ ከኋላ አንዱ «እሳቸውማ ልጃቸው አረብ አገር አለች!» አለ። ሁሉም ዝም። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አዎ አለች» አሉ። «ከሄደች አራት ዓመቷ። ድምጿን የሰማ ካለ ይንገረኝ።» እና ተቀመጡ። ያ ከኋላ የተናገረው ሰውዬ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ስማቸው አለፈ። ግን ሽማግሌው ያንን ለመናገር መቆም ባይችሉስ? ባይመጡስ? በጣም የሚያስፈልገው ሰው እኮ ብዙውን ጊዜ ስብሰባ መምጣት የማይችለው ሰው ነው። የቅሬታ ኮሚቴ የሚባል በየቀበሌው እንዲኖር መመሪያው ያዝዛል፣ ስሙ የቀረ ሰው እዚያ ማመልከት ይችላል። ግን ቅሬታም እግር ይፈልጋል።

ኮታ የሚባለውም አለ። ለቀበሌው የሚመጣው ቁጥር የተወሰነ ነው። ድሃው ከኮታው ሲበዛ ሰዉ ምን ያደርጋል? ያካፍላል። አምስት ነፍስ ያለበትን ቤት በሁለት ነፍስ ይመዘግቡትና የተረፈውን ሦስት ለሌላ ቤት ይሰጣሉ። መመሪያው ቤተሰብ በሙሉ ይመዝገብ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም በሁለት ሰው ድርሻ አምስት ሰው አይጠግብም። መንደሩ ደግሞ «እኛ እዚህ አብረን ነው የምንኖረው፣ አንዱ ሲበላ አንዱ ሊያይ ነው እንዴ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ በበኩሌ ወደ መመሪያው አደላለሁ፣ ግን እዚያ ዋርካ ሥር ተቀምጬ እጄን አውጥቼ ይህን ለመናገር ወኔው የሚኖረኝ አይመስለኝም።

የክፍያ ቀን ሌላ ታሪክ ነው። የክፍያ ቦታው ከሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በላይ እንዳይርቅ ይባላል። ሦስት ሰዓት ለእኔ ነው ለእማማ? እሳቸው ከንጋቱ ወፍ ሲንጫጫ ነው የሚነሡት። መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ያርፋሉ። ሲደርሱ ሰልፍ ነው፣ ካርዱ ከመቀነት ይወጣል፣ ፌስታሉ ይፈታል፣ ፎቷቸው ደብዝዟል፣ ገንዘብ ያዡ አንዴ ፎቶውን አንዴ ፊታቸውን ያያል፣ አውራ ጣታቸው ቀለም ላይ ይነከራል፣ መዝገቡ ላይ ያርፋል። ብሩን አይቆጥሩትም። እዚያው ለቆመ ወጣት «ቁጠርልኝ እስቲ ልጄ» ይሉና እሱ ሲጨርስ ወደ መቀነት።

መሄድ የማይችል ሰው ሌላ ሰው ይወክላል። ጥሩ ነገር ነው፣ ተወካዩ ጥሩ ከሆነ። ግን «የእግሬን» ብሎ ከላይ ቀንሶ የሚያደርስም አለ። ባለ ድርሻው ምን ይላል? የሚቀጥለው ወር ማን ሊሄድለት ነው? በአንዳንድ አካባቢ በስልክ መክፈል ተጀምሯል፣ ኤም ብርና ሄሎካሽን የመሰሉ አገልግሎቶች በዚህ ሥራ ገብተዋል። ሰልፉን ያስቀራል፣ ገንዘቡን በፈለጉበት ቀን ለመውሰድ ያስችላል። ሆኖም የይለፍ ቁጥሩን ማስታወስ አለ። እማማ ይሄ ቢመጣ ቁጥሩን ለአክስቴ ልጅ እንደሚነግሩት ከአሁኑ ወስነዋል። ምሥጢር መሆኑን ብነግራቸው «ከእሱ ምን ምሥጢር አለኝ» አሉኝ። ምን ትላላችሁ?

ከገንዘቡ ጋር አብረው የሚመጡ ነገሮች አሉ፣ ቢያንስ በወረቀት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አንዱ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው፤ መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ድሆች መዋጯቸው በመንግሥት ይሸፈንላቸዋል። የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ የመጀመሪያው ተሰላፊ መሆን አለበት፣ ግን ዝርዝሮቹ በተለያየ መሥሪያ ቤት ስለሚያዙ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። የማህበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባልም አለ፣ መጀመሪያ ትግራይ ላይ የታየ፤ ነዋሪው እህልና ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሴፍቲኔት ያልደረሰለትን ሰው ይደግፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ማየቷም በዚሁ ላይ ይደመራል። ቀጥታ ድጋፍ ሳንቲም ነው፣ ውኃ አይቀዳም፣ እንጨት አይለቅምም። እማማን ውኃ የሚቀዳላቸው ያው የአክስቴ ልጅ ነው።

በሴፍቲኔት ቋንቋ ራሱን የቻለ ቤተሰብ «ተመረቀ» ይባላል። ጥሪት አፍርቷል፣ ከእንግዲህ ያለ ድጋፍ ይኖራል ተብሎ ከመዝገብ ይወጣል። ለሚሠራ ሰው ግቡ ይሄ ነው። ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ላይ ያለ ሰው ግን እንዲመረቅ አይጠበቅም። ይሄን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም «መቼ ነው የሚያቆሙት» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። እማማ ወደ ምን ይመረቁ? ጉልበታቸው ተመልሶ ሊመጣ?

ክፍያ የዘገየ እንደሆነስ? ይዘገያል። አንዱ ወር ሁለት ወር ይሆናል፣ ከዚያ የሁለት ወሩ ባንዴ ይመጣል። ወረቀት ላይ ሲታይ ሙሉ ነው፣ የጎደለ ብር የለም። እማማ ግን በዚያ መሃል ከሱቅ በዱቤ ወስደዋል፣ ባለሱቁ በዱቤ ሲሰጥ ዋጋው ሌላ ነው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አንዷን በጋቸውን ሸጠዋል። የዚህ ሁሉ ነገር ትርጉሙ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ነበር። ቀኑ ካልታወቀ ከድሮው እርዳታ በምን ተለየ?

ገጠር እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ፣ ስትሄዱ ካርዱን አውጥተው እንዲያሳዩአችሁ ለምኗቸው። የተቀበሉት እዚያ ላይ ይጻፋል። ወሩን ቁጠሩ፤ ዓመቱን ሙሉ ነው ወይስ ስድስት ወር ላይ ይቆማል? በስንት ነፍስ ነው የተመዘገቡት? የሚወስድላቸው ማን ነው? የጤና መድን ደብተርስ አላቸው? የጎደለ ካለ ቀበሌ አብራችኋቸው ሂዱ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ሲኖር አነጋገሩም ይለወጣል። እኔ የእማማን ሳየው የጥቅምት ቦታ ባዶ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ያኔ አሞኝ ነበር» አሉ። «ሳልሄድ ቀረሁ። ከዚያ ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።»