አይፒ አድራሻ ምንድን ነው? ዲቪአርና ላፕቶፕ በአንድ ገመድ ተገናኝተው ለምን አይተያዩም?

ደብረ ብርሃን ውስጥ እህል የሚነግዱ አንድ አባት የመጋዘናቸው ካሜራ ማሳያ ስክሪን ተቃጥሎባቸው ጠሩኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው የተቃጠለው። የካሜራዎቹ መቅረጫ የሆነው ዲቪአር ግን ደህና ነበር፤ ካሜራዎቹ የሚያዩትን ሌት ተቀን ይቀርጻል። እርሳቸው የሚፈልጉት የአንድ ሌሊት ቪዲዮ ነው። በመጋዘኑ ራውተር የለም፤ ላፕቶፕና አዲስ የተገዛ የኔትወርክ ገመድ ግን አለ። አንዱን ጫፍ ዲቪአሩ ላይ፣ ሌላውን ላፕቶፑ ላይ ሰክተው ቢጠብቁ ምንም አልመጣም። «ገመዱ እንደሆነ ገብቷል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋል?» አሉኝ።

የሚፈልገው አድራሻ ነው። አይፒ አድራሻ በኔትወርክ ላይ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። በሰፊው የሚሠራበት ዓይነት በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ሊሆኑ ይችላሉ። ለምሳሌ ዳሁዋ የሚሠራቸው ብዙ መቅረጫዎች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1.108 የሚል አድራሻ ይዘው ይመጣሉ።

ይህን ቁጥር እንደ ቀበሌና የቤት ቁጥር አድርጋችሁ አንብቡት። ከአድራሻው ጋር የሚሞላ 255.255.255.0 የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፤ ሥራው ቀበሌው የት ላይ እንደሚያበቃ መናገር ነው። በዚህ መሠረት 192.168.1 ቀበሌው ሲሆን 108 የቤት ቁጥሩ ነው። ላፕቶፑ መልእክት ከመላኩ በፊት ተቀባዩ የራሱ ቀበሌ ነዋሪ መሆኑን ያያል። ከሆነ በቀጥታ በገመዱ ይልካል። ካልሆነ ወደ ሌላ ቀበሌ የሚያሻግረውን ራውተር ይፈልጋል። ራውተር ከሌለ መልእክቱ የትም አይደርስም። አንድ ሜትር በማይሞላ ገመድ የተያያዙ ሁለት መሣሪያዎች አንዱ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ዓለም ከተማ ያለ ያህል የሚራራቁት በዚህ ምክንያት ነው።

የነጋዴውን ላፕቶፕ ስመለከት አድራሻው በ169.254 ይጀምራል። ይህን ቁጥር ማወቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ጠይቆ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ያወጣል። ስለዚህ ይህን ካያችሁ ገመዱን አትጠራጠሩ፤ የጎደለው አድራሻ ሰጪ ነው።

መፍትሔው አድራሻውን በእጅ መሙላት ነው። ዲቪአሩ 192.168.1.108 ከሆነ በላፕቶፑ የኔትወርክ ቅንብር ገብታችሁ 192.168.1.50 ብላችሁ ጻፉ፤ ቀበሌው አንድ፣ የቤት ቁጥሩ የተለየ ይሁን። ከሥሩ 255.255.255.0 ይሞላል። የራውተሩ ቦታ (gateway የሚለው) ባዶ ይቅር። የዲቪአሩን አድራሻ ካላወቃችሁ አምራቾቹ በነጻ የሚሰጡት መፈለጊያ ፕሮግራም አለ፤ ቀበሌያቸው ቢለያይም በገመዱ ላይ ያለውን መቅረጫ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የዲቪአሩን ቁጥር ብራውዘር ላይ ስትጽፉ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ይመጣል። በዕድሜ የገፉ መቅረጫዎች ምስሉን የሚያሳዩት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በተባለው የድሮ ብራውዘር ብቻ ስለሆነ፣ ኤጅ በሚባለው ብራውዘር ውስጥ የድሮውን የሚተካውን አሠራር (Internet Explorer mode) መክፈት ያስፈልግ ይሆናል።

ብዙ ሰው ጊዜውን የሚፈጀው ግን ዋይፋይ ላይ ነው። ላፕቶፑ በዋይፋይ የተያያዘበት የሌላ ቤት ራውተርም 192.168.1 የሚል ቀበሌ ካለው፣ ላፕቶፑ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ቀበሌዎች መካከል ይቆማል፤ መልእክቱንም ወደተሳሳተው ሊልክ ይችላል። ሥራው እስኪያልቅ ዋይፋዩን አጥፉት። ሌላው ስሕተት የኤችዲኤምአይ ገመድ ነው። የላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ምስል ያወጣል እንጂ አያስገባም፤ ዲቪአሩን በዚያ ማየት አይቻልም። ካሜራዎቹ በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ የሚሰኩበት መቅረጫ ከሆነ ደግሞ ለካሜራ የተሠሩት ቀዳዳዎች የራሳቸው የተለየ ቀበሌ አላቸው፤ ገመዱ ለብቻው ወዳለው የኔትወርክ መሰኪያ ይግባ።

የይለፍ ቃሉን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን በብዛት ተቆጣጥሮ ትልልቅ ድረ ገጾችን አስተጓጉሏል። በአንድ ገመድ ብቻ የታሰረ ዲቪአር ከውጭ አይደረስበትም። ነገ ራውተር ሲገዛለት ግን ይደረስበት ይሆናልና የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ቀይሩት።

ነጋዴው ያን ሌሊት «8 ሰዓት ላይ ነው» ብለውኝ ነበር። በ08:00 ስፈልግ ሠራተኞች በጠዋት ግቢውን ሲጠርጉ አየን። ዲቪአሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በእርሱ 02:00 ነው። በ02:00 ስንከፍት የምንፈልገው ተገኘ፤ ወዲያው ወደ ላፕቶፑ ገለበጥነው። ዲስኩ ሲሞላ ዲቪአሩ ከሁሉ የቀደመውን እያጠፋ በላዩ ስለሚቀርጽ፣ ጥቂት ቀናት ብንዘገይ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር።