«ሞላውን አጠንክረው» እና ሌሎች ቀላል መኪና የሚያበላሹ ምክሮች

አንድ ሰው «ጌም ላይ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ይዤ ኩርባ አልታጠፍ አለችኝ» ብሎ ሲጠይቅ ሦስት መልስ ይዘንብለታል፦ ሞላውን አጠንክረው፣ መሬት እስክትነካ አውርዳት፣ ሞተር ቀይርላት። ብዙውን ጊዜ መላሾቹ 1,600 ኪሎ የምትመዝን፣ 600 ፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ሲያስተካክሉ የኖሩ ናቸው። ለዚያች መኪና ሠርቶ ይሆናል። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ግን 950 ኪሎ ገደማ ናት፣ የመጀመሪያዋ ሎተስ ኤሊዝ ደግሞ 725 ኪሎ አካባቢ። የከባዷን ቁጥር እነዚህ ላይ መገልበጥ የአባትን ኮት ለሕፃን እንደማልበስ ነው።

«መጀመሪያ ጉልበት ጨምርላት»

ሒሳቡን እንሥራው። 950 ኪሎ የምትመዝን 115 ፈረስ ጉልበት ያላት መኪና በቶን 121 ፈረስ ጉልበት አላት። ከላይዋ 120 ኪሎ ብታነሱላት በቶን ወደ 139 ትደርሳለች። ያንኑ በሞተር ብቻ ለማምጣት ወደ 17 ፈረስ ጉልበት መጨመር ይበቃል። ታዲያ ምን ልዩነት አለው? የሞተሩ 17 የሚሠራው ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ነው። የተነሳው 120 ኪሎ ግን ፍሬን ላይም፣ ኩርባ ላይም፣ ከኩርባ ሲወጣም አብሯችሁ አለ።

ፎርዛ ሆራይዘን 5 የተባለው ጌም ላይ መኪኖቹ የሚወዳደሩባቸው ክፍሎች (ክላሶች) በነጥብ የተገደቡ ናቸው፤ ቢ ክፍል 700 ላይ፣ ኤ ክፍል 800 ላይ ያበቃል። እያንዳንዱ ዕቃ ከዚያ ኮታ ላይ ይበላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ ጎማ፣ ክብደት ቅነሳ፣ የሚስተካከል ሞላና አሞርዛተር (የሞላውን ውዝዋዜ የሚያረግበው)፣ ስታብላይዘር (የግራና የቀኙን ጎማ አያይዞ መኪናዋ እንዳታዘነብል የሚይዘው ዘንግ)፣ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው)። በተረፈው ነጥብ ሞተር። ከሞተር ዕቃዎች ደግሞ ጭስ ማውጫ ቅድሚያ ያገኛል፤ ጉልበት እየጨመረ ክብደት የሚቀንስበት ጊዜ ብዙ ነው። የብረት ኬጅን ዝም ብላችሁ አትግዙ፣ ክብደት ይጨምራል። ቪ8 ሞተር መትከል የሚያምራችሁ ካላችሁ ትከሉ፤ ግን ከፊት 52 በመቶ የነበረው ክብደት ወደ 55 ሲወጣ «ፊቷ አልታጠፍ አለ» ብላችሁ እንዳትመጡ።

«ሞላው በጠነከረ ቁጥር ፈጣን ናት»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የአብዛኛው ችግር ምንጭ ይኸው ነው።

ሞላ ጠንካራ ነው ወይም ለስላሳ ነው የሚባለው ከተሸከመው ክብደት ጋር ሲነጻጸር ነው። መለኪያው ኸርዝ ነው፦ መኪናዋ ሞላዋ ላይ በሰከንድ ስንት ጊዜ ትወዛወዛለች? የተለመደ የመንገድ መኪና ከ1 እስከ 1.5፣ የስፖርት መኪና ከ1.5 እስከ 2፣ ክንፍ የሌላት የውድድር መኪና ከ2 እስከ 2.5 ኸርዝ አካባቢ ትሆናለች። ከ3 በላይ የሚወጡት አየር አጥብቆ ወደታች የሚጫናቸው መኪኖች ናቸው። እነሱ የሚጠነክሩት ጫናው ወለላቸውን አስፋልት ላይ እንዳያስተኛው ነው። «አጠንክረው» የሚለው ምክር በአብዛኛው የተገለበጠው ከእነሱ ነው፤ ያ ጫና የሌላት መኪና ግን ከጥንካሬው ጉዳቱን ብቻ ነው የምትወርሰው።

አሁን በቁጥር። ኤምኤክስ-5ን 950 ኪሎ፣ ፊቷን 52 በመቶ እንበል፦ ከፊት 494 ኪሎ፣ ለአንድ ጎማ 247። ጎማው፣ ቸርኬውና ፍሬኑ ሞላው ላይ ስለማያርፉ 35 ኪሎ ቀንሱ፣ 212 ይቀራል። ቀመሩ ይኸውላችሁ፦

0.0395 × ኪሎ × ኸርዝ × ኸርዝ = ኒውተን በሚሊ ሜትር

በ2 ኸርዝ 33.5 ይወጣል። ጌሙ በኪሎ በሚሊ ሜትር የሚያሳያችሁ ከሆነ ለ9.8 አካፍሉ፣ 3.4 ገደማ ነው። የሞላው ክንድ የሚያመጣውን ልዩነት ለጊዜው ትተነዋል፤ ለመነሻ ይበቃል።

ያንኑ 2 ኸርዝ ለ1,600 ኪሎዋ መኪና ብንሠራው፣ ፊቷ 54 በመቶ ሆኖ፣ አንድ ሞላ ላይ 387 ኪሎ አርፎ፣ 61 ኒውተን በሚሊ ሜትር ይሆናል። ለእሷ ልክ ነው። ያን 61 አምጥታችሁ ኤምኤክስ-5 ላይ ስትጭኑት ግን 2.7 ኸርዝ ላይ ትወጣለች። ማንም ሳያስበው የመንገድ ስፖርት መኪናዋ የፎርሙላ ዘመድ ሆነች።

ከዚያ የሚሆነውን ቴሌሜትሪ (ጌሙ የጎማና የሞላ ቁጥሮችን የሚያሳይበትን ገጽ) ከፍታችሁ እዩት። ወደ ኩርባው ገብታችሁ የውስጥ ጎማዎቹ የመንገዱን ጠርዝ ሲረግጡ ሞላው አልታጠፍ ስለሚል ጎማው ብቻውን በመነሳት ፈንታ መኪናዋን ይዞ ይነሳል። የዚያ ጎማ ጫና ለቅጽበት ዜሮ ይገባል፣ መሪው ይቀላል፣ እጃችሁ ሳታስቡት ትንሽ ይጨምራል። ጎማው ተመልሶ ሲያርፍ በተጨመረው መሪ ልክ ይነክሳል፣ ኋላዋም ይወረወራል። ነጂው «ኋላዋ ልቅ ነው» ብሎ ይደመድምና ኋላውንም ያጠነክረዋል። ከባድ መኪና ጎማዋን መሬት ላይ የሚጫንላት ብዙ ኪሎ ስላለ ይህን በከፊል ትሸፍነዋለች፤ ቀላሏ መሸፈኛ የላትም።

«ግን መኪናዋ እንዳታዘነብል ክብደቱ ወደ ውጭ እንዳይሄድ ነው የምናጠነክረው» የሚል አለ። አይደለም። ወደ ውጭ ጎማዎች የሚሄደውን ክብደት የሚወስነው የመኪናዋ ክብደት፣ የኩርባው ጉልበት፣ የክብደት ማዕከሏ ከፍታና የጎማዎቿ የጎን ርቀት ነው። 950 ኪሎ፣ 1 ጂ (ከራሷ ክብደት እኩል የሆነ የጎን ጉልበት)፣ ከፍታው 46 ሳንቲ ሜትር፣ ርቀቱ 142 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 308 ኪሎ ይሻገራል። ሞላው ሸክላ ቢሆን ብረት ይህ ቁጥር እምብዛም ፈቀቅ አይልም። ሞላና ስታብላይዘር የሚወስኑት ከ308ቱ ስንቱ በፊት፣ ስንቱ በኋላ እንደሚሻገር ነው። ብዙ የሚሻገርበት ጫፍ ቶሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ ፊቷ አልታጠፍ ካለ ፊቷን አለስልሱ ወይም ኋላዋን አጠንክሩ፤ ሁለቱንም ማጠንከር ለጥያቄው መልስ አይደለም።

የጠነከረች መኪና ለምን ፈጣን ትመስላለች? መሪውን እንደነካችሁ ስለምትመልስ። ያ ስሜት እውነት ነው፣ ሰዓቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2 ኸርዝ ጀምሩ፣ አምስት ዙር ንዱ፣ የሦስቱን ምርጥ ዙሮች አማካይ ያዙ። ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ 10 በመቶ ቀይራችሁ ድገሙት። ያልተለካ «ተሻለኝ» አይቆጠርም።

አሞርዛተሩ ከሞላው ጋር ይሄዳል። ክብደቱም ሞላውም በግማሽ ከቀነሱ የሚያስፈልገው ማርገቢያም በግማሽ ይቀንሳል፤ የከባዷን ቁጥር መተው አለባችሁ። ሲጨመቅ የሚይዘውን ሲመለስ ከሚይዘው ከ50 እስከ 70 በመቶ አድርጉት። ከጉብታ በኋላ ሁለቴ ከዘለለች መመለሻውን ጨምሩ፤ በተከታታይ ጉብታዎች ላይ እየተቀመጠች ከሄደች ቀንሱት።

ግራን ቱሪዝሞ 7 የምትጫወቱ እድለኞች ናችሁ፤ እዚያ ሞላው በቀጥታ በኸርዝ ነው የሚገባው። ከሌላ መኪና ቁጥር መቅዳት በመጠኑ የሚያዛልቀው እዚያ ብቻ ነው።

«መሬት እስክትነካ አውርዳት»

ማውረድ የክብደት ማዕከሏን ስለሚያወርድ ይጠቅማል፤ ሞላው የሚታጠፍበት ቦታ እስካለ ድረስ። ሞላው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጎማው ላስቲክ ማቆሚያ ላይ ያርፋል፣ በዚያ ቅጽበት ሞላ የለም ማለት ነው። በለስላሳ ሞላ ላይ ዝቅተኛውን ከፍታ የሚመርጥ ሰው ኩርባ መሃል ላይ ያለምክንያት የምትወረወር መኪና የሚያገኘው ለዚህ ነው። ቴሌሜትሪው ላይ የሞላውን ጉዞ ተመልከቱ፤ በጣም ጉብታ ባለበት ቦታ መጨረሻውን የሚነካ ከሆነ በግማሽ ሳንቲ ሜትር እያነሳችሁ ሂዱ።

«ካልኩሌተሩ ያወጣው ቁጥር ትክክል ነው»

ፎርዛ ላይ የማስተካከያ ካልኩሌተሮች ታዋቂ ቀመር ይህ ነው፦ የስላይደሩ ከፍተኛ ቁጥር ሲቀነስ ዝቅተኛው፣ ሲባዛ በፊት ክብደት መቶኛ፣ ሲደመር ዝቅተኛው። ስታብላይዘሩ ከ1 እስከ 65 ከሆነና ፊቷ 52 በመቶ ከሆነ 34.28 ይወጣል። ሰው ሁሉ በነጥብ ሁለት አሃዝ ሲያስገባው ማየት ያስቃል። ቀመሩ የጠየቃችሁ ክብደቱ እንዴት እንደተከፈለ ነው፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ ጨርሶ አልጠየቀም። 900 ኪሎዋም 1,800 ኪሎዋም ፊታቸው 52 ከሆነ አንድ መልስ ይሰጣቸዋል። እንደ መነሻ ውሰዱት፣ ለቀላል መኪና ሁለቱንም ጫፍ ቀንሳችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ ሚዛኑን በኋላው ስታብላይዘር አስተካክሉ፦ በአንድ ጊዜ 3፣ ከዚያ በላይ አይሁን።

«የጎማ ንፋስ ለሁሉም አንድ ነው»

አይደለም። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 መንገድ ላይ የሚታዘዝላት 26 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፤ ብዙ ከባድ መኪኖች ከ32 በላይ ይፈልጋሉ። ጌም ላይም ሦስት ዙር ነድታችሁ የጎማውን ሙቀት ከውስጥ፣ ከመሃልና ከውጭ አንብቡ። መሃሉ ከሁለቱም ጠርዝ ከሞቀ ንፋሱ በዝቷል፤ ሁለቱ ጠርዞች ከመሃሉ ከሞቁ አንሷል። ውስጡ ብቻ በጣም ከሞቀ ካምበሩን (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበትን ማዕዘን) ቀንሱ፤ ለቀላል መኪና ከ1 እስከ 2 ዲግሪ አሉታዊ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

«አራቱንም ጎማ የሚነዳ አድርጋት»

የምታተርፉት ተጨማሪ ክብደት፣ የተበላ ነጥብና አልታጠፍ የሚል ፊት ነው። ቢ ክፍል ላይ 180 ፈረስ ጉልበት ይዛችሁ ኋላዋ የማይችለው ጉልበት የለም።

«ዲፈረንሻሉን 100 ላይ ቆልፈው»

ለድሪፍት ከሆነ እሺ። ለዙር ሰዓት ከ40 እስከ 60 ጀምሩ። ከኩርባ ስትወጡ የውስጡ ጎማ ብቻውን የሚሽከረከር ከሆነ ጨምሩ፣ ነዳጅ ስትሰጡ ፊቷ ወደ ውጭ ከተገፋ ቀንሱ። እንደ ኤሊዝ ሞተሯ ከመቀመጫዎቹ በስተጀርባ የሆነች መኪና እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ኋላዋ የሚያመልጥ ከሆነ ደግሞ የመቀነሻውን ቁልፍ (ነዳጅ ሲለቀቅ የሚሠራውን የዲፈረንሻል መቆለፊያ) ወደ 20 ወይም 30 አውጡት።

«ትልቅ ክንፍ ለቀላል መኪና አይሠራም» ወይም «ሁልጊዜ ይሠራል»

ሁለቱም ስህተት ነው። በ200 ኪሎ ሜትር በሰዓት 100 ኪሎ የሚጫን ክንፍ በ100 የሚጫነው 25 ኪሎ ብቻ ነው። ፈጣን ኩርባ ባለበት መስመር 900 ኪሎ መኪና ላይ 100 ኪሎ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠመዝማዛ መስመር ላይ ግን ተሸክማችሁት የምትዞሩት ጌጥ ነው።

«ማርሹን አስረዝመው፣ ከፍተኛ ፍጥነቷ ይጨምራል»

ከ200 ወደ 220 ለመውጣት አየሩን ለማሸነፍ 33 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ይፈለጋል። ያ ጉልበት ከሌለ የረዘመ ማርሽ የሚሰጣችሁ ዘገምተኛ መኪና ነው። ፋይናል ድራይቩን (ሁሉንም ማርሽ በአንድ ላይ የሚያስረዝመውን ወይም የሚያሳጥረውን) በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ሞተሩ ከገደቡ 200 አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) ገደማ ሲቀረው እንዲደርስ አድርጉት።

ከዚያ ክፍተቶቹን እዩ። 2ኛው ማርሽ 1.90፣ 3ኛው 1.36 ሆኖ በ8,000 ብትቀይሩ ሞተሩ 5,726 ላይ ይወድቃል። ከ6,000 በላይ ብቻ የሚነቃ ሞተር ከሆነ፣ እንደ ሆንዳ ኤስ2000 ያለ እስከ 9,000 የሚዞር፣ በየቅያሪው እንቅልፍ ወስዶት ይነሳል። 3ኛውን 1.45 አድርጉት፣ 6,105 ላይ ያርፋል። ከዚያ 4ኛውን በዚያው ልክ አቅርቡ።

«ቀላል ስለሆነች ፍሬኗ አያስጨንቅም»

ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት ቢያንስም ጎማውን መሬት ላይ የሚጫነው ክብደትም አብሮ አንሷል፤ ስለዚህ ጎማው በቀላሉ ይቆለፋል። የፍሬን ግፊቱን ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን) አጥፍታችሁ፣ ፔዳሉ 90 በመቶ ሲረገጥ ጎማው ለመቆለፍ ጫፍ ላይ እስኪደርስ ድረስ ቀንሱት። የፊትና ኋላ ክፍፍሉን ደግሞ ስላይደሩ ላይ ባለው ጽሑፍ አትመኑ። ወደ አንዱ ጫፍ ግፉት፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ከ120 ፍሬን ርገጡ፣ መጀመሪያ የተቆለፈው የፊቱ ነው ወይስ የኋላው ብላችሁ እዩ። ወደ የትኛው እንደሚያደላ ካወቃችሁ በኋላ የፊቶቹ ከኋላዎቹ በጥቂቱ ቀድመው እስኪቆለፉ ድረስ 1 በመቶ 1 በመቶ እያላችሁ መልሱት።