ስለ ልብወለድ ደራሲ ኑሮ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደራሲ የሚጽፈው ውቃቢው ሲመጣለት ብቻ ነው» የሚለው አመለካከት ከሁሉም ይበልጥ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ አንዳንድ ደራሲያንም ራሳቸው ሲያጠናክሩት ይሰማል። እንግሊዛዊው ልብወለድ ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ግን ከሞተ በኋላ በ1883 እ.ኤ.አ. በታተመው ግለ ታሪኩ የተረከው ፈጽሞ የተለየ ነው። በፖስታ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ እየሠራ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጥና ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ለመጻፍ ራሱን ያስገድድ ነበር፤ ለሚቀሰቅሰው ሽማግሌ አገልጋይም በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍለው ነበር። ሆኖም ይህን ልማድ የማሽን ሥራ አድርጎ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል። ትሮሎፕ በየማለዳው የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የሚያጠፋው የትናንቱን ጽሑፍ መልሶ በማንበብ ነበር፤ ደራሲ ሲተኛም ሲነቃም ከገጸ ባሕርያቱ ጋር መኖር እንዳለበትም አጥብቆ ያምን ነበር። የፈጠራው ስሜት አልጠፋም፤ የሚመጣበት ሰዓት ግን በቀጠሮ ተይዞለታል።

«እውነተኛ ደራሲ ከመጻፍ ሌላ ሥራ የለውም» የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። ግብፃዊው ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ከ1934 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ድረስ የመንግሥት ደሞዝተኛ ነበር። የእኛው ሐዲስ ዓለማየሁም ዲፕሎማት፣ አምባሳደር እና ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል፤ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› የተሰኘው ልብወለዳቸው በ1958 ዓ.ም. የታተመው ከብዙ የሥራ ዓመታት በኋላ ነው።

«ዋናው ገጸ ባሕርይ ራሱ ደራሲው ነው» የሚለው ግምት ግን በከፊል እውነት ስላለበት በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ሐዲስ ጎጃም ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገዋል፤ የ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህም የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። እዚህ ላይ የሚያቆም አንባቢ ደራሲውን በዛብህ ነው ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ሐዲስ ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ፣ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ተማረኩ፣ በጣሊያን ደሴት ታስረውም ቆዩ። በዛብህ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም፤ ያለው ወላጆቹ የተሳሉት ስለት እና ከመኳንንት ልጅ ጋር የወደቀበት ፍቅር ነው። ደራሲው ከሕይወቱ የወሰደው አካባቢውን፣ ቋንቋውንና የትምህርቱን ሥርዓት እንጂ ዕጣውን አይደለም፤ ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም።

«ደራሲ ከሰው ተነጥሎ የሚኖር ባሕታዊ ነው» ለሚሉ የበዓሉ ግርማን ሕይወት ማየት ይበቃል። በዓሉ ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር፤ ‹ኦሮማይ›ንም የጻፈው በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ ከተከታተለ በኋላ ነው። በ1975 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ከገበያ ተሰብስቦ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ልብወለድ ፈጠራ ስለሆነ ጸሐፊውን አደጋ ላይ አይጥለውም የሚለው ግምትም እዚሁ ላይ ይወድቃል።

በመጨረሻም፣ ደራሲ ዝም ካለ «አለቀበት» ማለት የተለመደ ነው። ማህፉዝ ታዋቂ ሦስት ተከታታይ ልብወለዶቹን ከጨረሰ በኋላ የ1952 እ.ኤ.አ. የግብፅ አብዮት ሲመጣ፣ ሊተችበት ያሰበው የቀድሞው ማኅበረሰብ እንደጠፋ ስለተሰማው ለበርካታ ዓመታት አዲስ ልብወለድ አልጻፈም። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የፊልም ጽሑፎች ይሠራ ነበር፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአል አህራም ጋዜጣ ላይ በተከታታይ በወጣ ልብወለድ ተመልሷል። በ1994 እ.ኤ.አ. በስለት ተወግቶ ቀኝ እጁ ከተጎዳ በኋላም እንኳ ሕልሞችን መነሻ ያደረጉ በጣም አጫጭር ጽሑፎችን ይጽፍ ነበር።